ፓኬጅ መጫን ወይስ በራስ ኮምፓይል ማድረግ? ሊኑክስ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተጻፈ መመሪያ

በመሃል ሜዳ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል የሚይዝ ወጣት በቅርቡ ወደ ደብረ ብርሃን ደውሎ «ጋሼ፣ ቴሰራክት አምስትን ራሴ ኮምፓይል ላድርገው ወይስ ኡቡንቱ የሚያቀርበው ይበቃኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቴሰራክት በስካነር ወይም በካሜራ ከተነሣ ገጽ ላይ ፊደል እየለቀመ ሊታረም ወደሚችል ጽሑፍ የሚለውጥ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አማርኛንም ያነባል። ወጣቱ በጽሕፈት መኪና የተመቱ ብዙ ሺህ ገጽ የቆዩ ደብዳቤዎችንና ቃለ ጉባኤዎችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ ይዟል፤ ያሉት ኮምፒውተሮች ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ዕትም የተጫነባቸውና 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላቸው ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ስለሚመጣ፣ በስልክ የነገርኩትን አስፋፍቼ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ሶፍትዌሩ በፓኬጅ የሚገኝ ከሆነ በፓኬጅ ይጫኑት። ኮምፓይል የሚያደርጉት ምክንያትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ሲችሉ ብቻ ይሁን፤ ኮምፓይል ያደረጉትንም በፈለጉ ጊዜ ሳያንጠባጥቡ ነቅለው ሊያወጡት በሚችሉበት ቦታ ያኑሩት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት

ሶፍትዌር የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ምንጭ ኮድ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው ግን ያን ጽሑፍ ሳይሆን፣ ኮምፓይለር የሚባለው መሣሪያ ከጽሑፉ የሚያወጣውን የማሽን ቋንቋ ነው። ምንጭ ኮዱን እንደ እህል፣ ኮምፓይል ማድረግን እንደ ማስፈጨት፣ የሚሠራውን ፕሮግራም እንደ ዱቄት ማየት ይቻላል። ፓኬጅ ደግሞ ሌሎች ሰዎች አበጥረው አስፈጭተው፣ በልክ አሽገውና ማኅተማቸውን አድርገውበት ያስቀመጡት ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት 12ኛ ዕትሙን በ2023 ሲያወጣ በዚህ መልክ የተዘጋጁ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ ኡቡንቱም ሥራውን የሚመሠርተው በዚሁ ላይ ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ግን የፓኬጅ ሥርዓቱ የሚይዘውን መዝገብ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ «ዲፒኬጂ» የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱ ፋይል ከየትኛው ፓኬጅ እንደመጣ፣ እያንዳንዱ ፓኬጅም በየትኞቹ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች በጋራ በሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች) ላይ እንደሚመረኮዝ ይመዘግባል። አንድ ያላወቁት ፋይል ሲገጥምዎ «ዲፒኬጂ»ን በሰረዝና በትልቁ «ኤስ» ቢጠይቁት የባለቤቱን ስም ይነግርዎታል። ራስዎ ኮምፓይል አድርገው «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ጫን ማለት ነው) ሲሉ ግን ፋይሎቹ በቀጥታ ወደ ቦታቸው ይገለበጣሉ እንጂ በመዝገቡ ላይ አንድም መስመር አይሰፍርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓኬጆችን የሚያድሰው «አፕት አፕግሬድ» የተባለው ትእዛዝ ያን ሶፍትዌር አያውቀውም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበትም የሚያስታውስዎ የለም፤ ማደስም ማውጣትም የእርስዎ የብቻ ሥራ ይሆናል። ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ለዚያ ሶፍትዌር የፓኬጅ አዘጋጅነትን ሥራ ተረክቧል ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ይረከቡትና ከዓመት በኋላ ማን እንደጫነው እንኳ የማይታወቅ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ምክንያትዎ በቂ መሆኑን እንዴት ይመረምራሉ?

በመጀመሪያ «አፕት ፖሊሲ» ብለው የሶፍትዌሩን ስም ያስከትሉና የትኛው ቨርዥን እንደተጫነ፣ ኡቡንቱ ፓኬጆቹን የሚያኖርበት ማከማቻ የትኛውን እንደሚያቀርብ ይመልከቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቨርዥን ቁጥሩ ያረጀ ሲመስለው ሶፍትዌሩም ሳይጠገን የቀረ መስሎት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 የኔትወርክ ግንኙነትን በሚያመሰጥረው በኦፕንኤስኤስኤል ላይ የተገኘው «ኸርትብሊድ» የተባለ ቀዳዳ ይፋ ሲሆን አዘጋጆቹ ማስተካከያውን ያወጡት 1.0.1ጂ በሚል ቨርዥን ነበር፤ ዴቢያን ግን የነበረውን 1.0.1ኢ የሚለውን ቁጥር ሳይለውጥ ማስተካከያውን ብቻ ወስዶ አስገባበት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ኮምፒውተሩ እንደተጋለጠ ሊያስብ ይችል ነበር፤ በፓኬጅ የጫነው ሰው ግን በአንድ ትእዛዝ ተጠግኗል። ያኔ የተቸገረው ኦፕንኤስኤስኤልን በገዛ እጁ ኮምፓይል አድርጎ የረሳው ነበር። ስለዚህ ደኅንነት የሚያሳስብዎ ከሆነ ከቁጥሩ ይልቅ «አፕት ቼንጅሎግ» በሚለው ትእዛዝ የፓኬጁን የለውጥ ታሪክ ያንብቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አዲሱ ቨርዥን በእርግጥ ችግርዎን ይፈታል ወይ የሚለው ነው። የመሃል ሜዳው ወጣት መጀመሪያ የነገረኝ ምክንያት «ፊደል ያሳስታል» የሚል ነበር። ገጾቹን በምን ጥራት እንዳነሣቸው ስጠይቀው በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ነው አለኝ፤ ቴሰራክት ግን ቢያንስ 300 ዲፒአይ የሆነ ምስል ሲሰጡት ነው በደንብ የሚያነበው። «ሠ»ን ከ«ሡ»፣ «ኅ»ን ከ«ኃ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ስለሆነች፣ ምስሉ ሲደበዝዝ የትኛውም ቨርዥን ሊለያቸው አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ በፓኬጅ የሚመጣው የአማርኛ መረጃ «ፋስት» የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ሲሆን፣ «ቤስት» የሚባል ዘገምተኛ ነገር ግን ይበልጥ አስተዋይ የሆነ ሌላ ፋይል አለ። እሱን ማውረድና በቋንቋ መረጃው ፎልደር ውስጥ ማኖር ኮምፓይል ማድረግን አይጠይቅም። ግማሹ ችግር በእነዚህ በሁለቱ ተቃለለ።

የቀረው ግማሽ ግን እውነተኛ ምክንያት ሆኖ አገኘሁት። ኡቡንቱ 22.04 የሚያቀርበው ቴሰራክት 4.1.1 ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የወጣው 5ኛው ቨርዥን ፊደል በሚለይበት ስሌት ውስጥ አጠር ያሉ ቁጥሮችን ስለሚጠቀም ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚይዘው ራምም ይቀንሳል። ብዙ ሺህ ገጽ በ4 ጊጋባይት ራም ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ወደ ኡቡንቱ 24.04 ቢሻገር ቴሰራክት 5 በፓኬጅ ይመጣለት ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አካባቢ ኔትወርክ ሁሉንም ኮምፒውተሮች ወደ አዲስ ዕትም ማሳደግ በዚህ የትምህርት ዘመን የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፤ «5ኛው ቨርዥን አነስተኛ ራም ይፈልጋል፣ ወደ 24.04 እስክንሻገር ድረስ ያስፈልገናል» የሚል። የሚያበቃበትንም ጊዜ ስለሚናገር ወድጄዋለሁ።

ሌሎችም ተገቢ ምክንያቶች አሉ። ሶፍትዌሩ በማከማቻው ውስጥ ጨርሶ ካልኖረ፣ የፓኬጁ አዘጋጆች ያልከፈቱት አንድ አማራጭ ካስፈለገዎ፣ ወይም ኮዱን ራስዎ አሻሽለው ከሆነ ኮምፓይል ማድረግ ግድ ይላል። «ለራሴ ፕሮሰሰር ኮምፓይል ካደረግሁት ይፈጥንልኛል» የሚለው ግን በአብዛኛው ሶፍትዌር ላይ ለድካሙ የሚመጥን ልዩነት አያመጣም።

«ምንጭ ኮዱን ስለማየው ይበልጥ አስተማማኝ ነው» የሚለውን ደግሞ በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ኮምፓይል ያደረገ ሁሉ ኮዱን አንብቧል ማለት አይደለምና። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ሲመረምር፣ «ኤክስዜድ» በተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተሸሸገ የኋላ በር አገኘ። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው መስመር የነበረው የኮዱ ለውጥ በሚመዘገብበትና ሁሉም ሰው በሚያየው የጊት ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን፣ ሰዎች አውርደው ኮምፓይል እንዲያደርጉት በተዘጋጀው የታመቀ ፋይል ውስጥ ነበር፤ የሚነቃውም የዴቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ እየተዘጋጀ መሆኑን ሲያረጋግጥ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱም መንገድ አንዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዴቢያን በኩል ያ ቨርዥን ገና ወደ ተረጋጋው ዕትም አልገባም ነበርና፣ ሳይቸኩሉ ፓኬጅ የሚጠቀሙትን ያዳናቸው ዝግታው ነው።

በፓኬጅ ሲጭኑ፣ ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ

ትእዛዙ አጭር ነው፤ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎም «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብለው የፓኬጁን ስም ያስከትላሉ። በእኛ አካባቢ ማብራራት የሚያስፈልገው ሌላው ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች ካሉ ሁሉም ያንኑ ፓኬጅ ከውጭ ደጋግመው እንዳያወርዱ በአንዱ ላይ «አፕት ካቸር ኤንጂ» የተባለውን ይጫኑ። እሱ በ3142 ፖርት ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ የወረደውን ፓኬጅ ለሌሎቹ ያድላል፤ በሌሎቹ ላይ የሚያደርጉት የ«አፕት»ን ፕሮክሲ ወደዚያ ማመልከት ብቻ ነው። ኔትወርክ ጨርሶ ለሌለበት ቦታ ግን በፍላሽ መያዝ የግድ ነው። ከደብረ ብርሃን አውርደው ወደ ገጠር ሲወስዱ «አፕት ጌት»ን ከነ«ዳውንሎድ ኦንሊ» አማራጩ ይጠቀሙ፤ ፓኬጆቹ በ«ቫር ካሽ አፕት አርካይቭስ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጡልዎታል። አዲሱ «አፕት» ከተጫነ በኋላ የወረዱትን ፋይሎች ስለሚያጠፋ፣ ነባሩ «አፕት ጌት» ለዚህ ሥራ ይሻላል። ያም ሆኖ አንድ ወጥመድ አለ፤ የሚያወርደው የእርስዎ ኮምፒውተር የሚጎድለውን ብቻ ነው። እርስዎ ዘንድ ቀድሞ ያለ ላይብረሪ እዚያ ላይኖር ይችላል፣ ያንን ቆላና ደጋ አቋርጠው ከደረሱ በኋላ ማወቅ ደግሞ ያሳዝናል። ለዚህ «አፕት ኦፍላይን» የተባለው መሣሪያ የተሻለ ነው፤ ኔትወርክ የሌለው ኮምፒውተር የሚጎድለውን ዝርዝር በፋይል ያወጣል፣ ኔትወርክ ያለው ያንን አንብቦ ያወርዳል።

ፓኬጅ እየተጫነ መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ። ሲመለስ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ብለው «ኮንፊገር» የሚለውን አማራጭ ከሰረዝ «ኤ» ጋር ይስጡት፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ካልበቃ «አፕት ኢንስቶል»ን «ፊክስ ብሮክን» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኬዱ። «አፕት» «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ብሎ እምቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርኩ ሳይሆን የሰዓቱ ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪዋን ይቀይሩ፤ የዚህች ባትሪ ጉዳይ ኮምፓይል ሲያደርጉም ይመለሳል።

ስናፕ፣ ፍላትፓክና አፕኢሜጅ የሚባሉት ሌሎች የፓኬጅ ዓይነቶች ሶፍትዌሩን ከነላይብረሪዎቹ አንድ ላይ ስለሚያሽጉ አዲስ ቨርዥን ለማግኘት ቀላል መንገድ ናቸው፤ ዋጋቸው የሚወርደው ፋይል መግዘፉ ነው። ጥሩ ኔትወርክ ያለው ሰው ወደ ኮምፓይል ከመሄዱ በፊት እነሱን ቢሞክር እመክራለሁ።

ኮምፓይል ለማድረግ ከወሰኑ

መሣሪያዎቹን ራሳቸውን በፓኬጅ ይጭናሉ። «ቢልድ ኢሴንሻል» የሚለው ፓኬጅ ኮምፓይለሩንና ሥራውን በቅደም ተከተል የሚመራውን «ሜክ»ን ያመጣል፤ ለቴሰራክት በተጨማሪ «ጊት»፣ «አውቶሜክ»፣ «ሊብቱል»፣ «ፒኬጂ ኮንፊግ»ና «ሊብ ሌፕቶኒካ ዴቭ» ያስፈልጋሉ። ሌፕቶኒካ ምስሎችን የሚከፍት ላይብረሪ ነው፤ እሱንም አብረው ኮምፓይል ለማድረግ አይነሣሡ። የፒኤንጂና የቲፍ ምስሎች ሄደር ፋይሎች (ላይብረሪን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁ ፋይሎች) ሳይኖሩ ኮምፓይል ከተደረገ ያለ ምንም ስሕተት ይጠናቀቅና፣ በኋላ ግን እነዚያን ምስሎች አልከፍትም ይላል። በሰላም ያለቀ የሚመስል ኮምፓይል አንድ ችሎታ ጎድሎት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይረዱ፤ ስለዚህ ከኮምፓይሉ በፊት የሚያስፈልገው መኖሩን የሚፈትሸው «ኮንፊገር» ሲጨርስ የሚያወጣውን ማጠቃለያ፣ የትኛው «የስ» የትኛው «ኖ» እንደሆነ፣ ሳያነቡ አይለፉ።

በመንገድ ላይ አንድ ሄደር ፋይል አልተገኘም የሚል ስሕተት ሲመጣ፣ የጎደለው ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቅ ፓኬጅ ነው ማለት ነው። ላይብረሪው ራሱ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ግን ተለይተው በ«ዴቭ» ፓኬጁ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሶፍትዌሩ በአሮጌ ቨርዥንም ቢሆን በማከማቻው ካለ «ሱዶ አፕት ቢልድ ዴፕ» የሚለው ትእዛዝ ለእሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያመጣል፤ ለዚህ አስቀድሞ በ«ሶርስስ ሊስት» ፋይል ውስጥ የምንጭ ኮድ መስመሮቹ መከፈት አለባቸው።

ምንጭ ኮዱን ከባለቤቶቹ ማከማቻ በ«ጊት ክሎን» ሲያወርዱ «ዴፕዝ» የሚለውን አማራጭ በ1 ይወስኑት፤ የዓመታት የለውጥ ታሪክ ሳይወርድ የዛሬው ብቻ ይመጣል፣ ገንዘብም ይቆጥባል። «ብራንች» በሚለው አማራጭ ደግሞ የታወቀ ዕትም ለምሳሌ 5.3.4ን ይምረጡ፤ ገና በሥራ ላይ ያለውን ኮድ ለቢሮ ሥራ አይውሰዱ። የታመቀ ፋይል የሚያወርዱ ከሆነ ፊርማውን በ«ጂፒጂ ቬሪፋይ» ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ ደረስን፤ የት ነው የሚቀመጠው? «ኮንፊገር» ምንም ካልነገሩት «ዩኤስአር ሎካል» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይበትነዋል። ያ ፎልደር ለአስተዳዳሪው የተተወና የፓኬጅ ሥርዓቱ የማይነካው ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነው፤ ችግሩ የሦስት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ፋይሎች እዚያ ተቀላቅለው አንዱን ከሌላው መለየት አለመቻሉ ነው። «ሜክ አንኢንስቶል» የሚለውን ሁሉም ሶፍትዌር አያውቀውም፣ የሚያውቀውም ቢሆን ኮምፓይል ያደረጉበት ፎልደር ከጠፋ አይሠራም። እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩበትና የምመክረው «ስቶው» የተባለውን ትንሽ መሣሪያ ነው። «ኮንፊገር»ን ሲያስኬዱ «ፕሪፊክስ» የሚለውን አማራጭ በ«ዩኤስአር ሎካል ስቶው» ሥር «ቴሰራክት 5.3.4» ወደሚባል የራሱ ፎልደር ያመልክቱ። ሁሉም ነገር በዚያ በአንድ ቤት ይገባል። ከዚያ ወደ «ስቶው» ፎልደር ገብተው «ሱዶ ስቶው» ብለው የፎልደሩን ስም ቢሰጡት፣ በ«ዩኤስአር ሎካል» ውስጥ ወደ ፋይሎቹ የሚያመለክቱ ሊንኮችን ብቻ ይዘረጋል።

ለቴሰራክት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በምንጭ ኮዱ ፎልደር ውስጥ «አውቶጄን»ን፣ ቀጥሎ «ኮንፊገር»ን ከነፕሪፊክሱ፣ ቀጥሎ «ሜክ»ን፣ ቀጥሎ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል»ን፣ ከዚያ ከላይ እንደተገለጸው «ስቶው»ን፣ በመጨረሻም አዲሶቹን ላይብረሪዎች ሥርዓቱ እንዲያውቃቸው «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»ን ያስኬዳሉ። «ሱዶ» የሚገባው ከ«ሜክ ኢንስቶል» ጀምሮ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። «ሜክ ፋይል» የፈለገውን ትእዛዝ ሊያስኬድ የሚችል ፕሮግራም ስለሆነ፣ ከበይነመረብ የወረደ ኮድን ከመጀመሪያው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ተገቢ አይደለም።

ከተጫነ በኋላ «ቴሰራክት ቨርዥን» ብለው አሮጌው ቁጥር ቢመጣ፣ ተርሚናሉ የቀድሞውን ቦታ አስታውሶ ይሆናል፤ «ሃሽ»ን ከሰረዝ «አር» ጋር ይስጡት ወይም አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ። «ታይፕ ሰረዝ ኤ ቴሰራክት» ሁለቱም የሚገኙበትን ቦታ ያሳይዎታል፤ «ዩኤስአር ሎካል» በፍለጋው ተራ ስለሚቀድም የሚሠራው የእርስዎ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ደግሞ የቋንቋው መረጃ አልተገኘም የሚል ነው። በፓኬጅ የተጫነው የአማርኛ መረጃ ያለው በፓኬጁ ፎልደር ውስጥ ነው፤ እርስዎ ኮምፓይል ያደረጉት ግን የሚፈልገው በራሱ ፕሪፊክስ ሥር ነው። «ቴስዳታ ፕሪፊክስ» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ ፋይሉ ወዳለበት ፎልደር ያመልክቱት፣ ወይም የ«ቤስት» ፋይሉን አውርደው በአዲሱ ፎልደር ውስጥ ያኑሩ።

መብራት፣ ራምና ሙቀት

«ሜክ» ሥራውን በፋይሎች ቀንና ሰዓት ይመራል፤ ከምንጭ ኮዱ በኋላ የተሠራ ፋይል ካየ ያለቀ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንደገና «ሜክ» ማለት በቂ ነው፤ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ነገር ግን መብራቱ በጠፋባት ቅጽበት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ባዶ ወይም ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ ሰዓቱ ግን አዲስ ስለሆነ «ሜክ» ያለቀ መስሎት ይዘለዋል፣ በመጨረሻ ሁሉም ሲያያዝ «ፋይል ትራንኬትድ» የሚል ስሕተት ይመጣል። በዚህ ጊዜ ስሙ የተጠራውን ፋይል ደምስሰው «ሜክ»ን ይድገሙ፤ ከተጠራጠሩ «ሜክ ክሊን» ብለው እንደ አዲስ ይጀምሩ። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሚሄድበት ቦታ «ሲካሽ»ን መጠቀም ብልህነት ነው፤ አንድ ጊዜ የተሠራውን ለብቻው ስለሚያስቀምጥ፣ «ሜክ ክሊን» ቢሉም ሁለተኛው ዙር በጣም ያጥራል። ያቺ የሞተች ባትሪ ያለችበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ፣ ቀኑን ሳያስተካክሉ አይቀጥሉ፤ «ሜክ» የትኛው ፋይል እንደሚቀድም ማወቅ ተስኖታልና።

«ሜክ»ን በሰረዝ «ጄ» ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። የፕሮሰሰሩን ኮሮች ብዛት ያህል ማዘዝ የተለመደ ቢሆንም፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ኮድ ብዙ ራም ስለሚበላ በ4 ጊጋባይት ላይ ከ2 እንዳያልፉ እመክራለሁ። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል፤ የሚታየው መልእክት «ኪልድ ሲግናል ተርሚኔትድ ፕሮግራም» የሚል ስለሆነ ብዙ ሰው ኮዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ ቁጥሩን ወደ 1 ዝቅ አድርገው ይድገሙት። እንደ ክሮሚየም ያለውን ግን በእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ጨርሶ አይሞክሩት፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃሉ።

ሙቀትም ይቆጠራል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ቆላማው ሸዋ ሮቢት የወረደ ላፕቶፕ፣ በተለይ ማራገቢያው በአቧራ ከተዘጋ፣ ረጅም ኮምፓይል ላይ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እዚያ ያለ ሰው ይህን ሥራ ለሌሊት ቢያቆየው ወይም ደጋ ላይ ተሠርቶ ቢላክለት ይሻላል።

አንዱ ላይ ሠርቶ ለሌሎቹ ማድረስ

ሃያ ኮምፒውተር ላይ ሃያ ጊዜ ኮምፓይል ማድረግ አያስፈልግም። በ«ስቶው» የተቀመጠው ፎልደር ሙሉ በሙሉ በአንድ ቦታ ስላለ በ«ታር» አምቀው በፍላሽ ይውሰዱት፤ በሌላው ኮምፒውተር ላይ በዚያው ስም፣ በዚያው ቦታ ፈትተው «ስቶው»ንና «ኤልዲኮንፊግ»ን ያስኬዱ። ሁለት ነገሮች ግን ይጠንቀቁ። ኮምፓይል የሚያደርጉበት የኡቡንቱ ዕትም ከሚወስዱበት ጋር አንድ ወይም ከእሱ የቆየ ይሁን፤ በ24.04 የተሠራ ፕሮግራም በ22.04 ላይ ፕሮግራሞች የሚመረኮዙበት መሠረታዊ ላይብረሪ የ«ጂሊብሲ» ቨርዥን አልተገኘም ብሎ ሊቆም ይችላል። እንዲሁም ፕሮግራሙን ለተሠራበት ፕሮሰሰር ብቻ የሚያስተካክለውን «ማርች ኔቲቭ» የሚለውን አማራጭ አይጠቀሙ፤ በአዲስ ፕሮሰሰር ላይ በዚያ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ሊወድቅ ይችላል። ከፈቱት በኋላ «ኤልዲዲ»ን በፕሮግራሙ ላይ አስኬደው «ኖት ፋውንድ» የሚል መስመር አለመኖሩን ይመልከቱ።

በየኮምፒውተሩ የሚያስፈልገውን የሌፕቶኒካ ላይብረሪ ለማምጣት ቀላሉ ዘዴ በፓኬጅ ያለውን ቴሰራክት 4 አብሮ መጫን ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ነገር ግን አንድ ቀን «4ኛው ምን ያደርጋል» ብለው ፓኬጁን አውጥተው «አፕት አውቶሪሙቭ» ቢሉ፣ ሥርዓቱ የእርስዎን ቴሰራክት ስለማያውቀው «ሌፕቶኒካን የሚፈልግ የለም» ብሎ ላይብረሪውን ያነሣዋል፣ 5ኛውም አብሮ ይሞታል። ይህን ለመከላከል «ሱዶ አፕት ማርክ ማንዋል» ብለው የላይብረሪውን ፓኬጅ ስም ይስጡት።

ያለ ብርቱ ምክንያት ሊነኩ የማይገባቸው

የሥርዓቱ መሠረት የሆኑትን፣ ማለትም ጂሊብሲን፣ ኦፕንኤስኤስኤልንና ፓይተንን በሥርዓቱ ቦታ ላይ ራስዎ ኮምፓይል ባደረጉት አይተኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ፓይተን ኮምፓይል አድርጎ የሥርዓቱን «ፓይተን ሦስት» ወደዚያ እንዲያመለክት ሲያደርገው፣ በማግስቱ ተርሚናሉ አልከፈት አለ፤ የኡቡንቱ ብዙ መሣሪያዎች በፓይተን የተጻፉና ከሥርዓቱ ቨርዥን ጋር ብቻ የሚግባቡ ናቸውና። አዲስ ፓይተን ካስፈለገዎ ከ«ሜክ ኢንስቶል» ይልቅ «ሜክ ኦልትኢንስቶል» ይበሉ፤ ነባሩን ስም ሳይነካ በራሱ ቁጥር ይቀመጣል።

ኮምፓይል ላደረጉት ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር አንድ ገጽ በደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ ቨርዥኑን፣ ምክንያቱን፣ «ኮንፊገር» የተሰጠውን ሙሉ ትእዛዝ፣ የተጫኑትን የ«ዴቭ» ፓኬጆች። ትእዛዙን ቢረሱት «ኮንፊግ ሎግ» በሚባለው ፋይል መጀመሪያ ላይ ያገኙታል፤ ስለዚህ ምንጭ ኮዱን ከማጥፋትዎ በፊት ያን ፋይል ገልብጠው ያስቀምጡ። በወር አንድ ቀን የሶፍትዌሩን ባለቤቶች ማስታወቂያ ተመልክተው አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ ወጥቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ በ«ስቶው» ሥር በራሱ ስም ይጭኑትና የአሮጌውን ሊንኮች አንሥተው የአዲሱን ይዘረጋሉ፤ ካልተስማማዎ ደግሞ በሁለት ትእዛዝ ወደ አሮጌው ይመለሳሉ።

መሃል ሜዳ ያሉት ኮምፒውተሮች ወደ 24.04 ሲሻገሩ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ምክንያት ያበቃል። ያኔ የሚቀረው ሥራ ወደ «ስቶው» ፎልደር ገብቶ «ሱዶ ስቶው»ን ከሰረዝ ትልቁ «ዲ» ጋር ማስኬድ፣ ፎልደሩን መደምሰስ፣ «ቴስዳታ ፕሪፊክስ»ን ማንሣት፣ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»ንና «ሃሽ ሰረዝ አር»ን መስጠት ነው። «ታይፕ ሰረዝ ኤ ቴሰራክት» ሲሉ «ዩኤስአር ሎካል» የሚል መስመር ካልመጣና የፓኬጁን ቦታ ብቻ ካሳየ፣ በትክክል ተነቅሏል።